ንፋሱ ውሃውን ወደ ላይ ቢገፋውስ? ስለ ፓምፕ ማከማቻ ማመንጫ የሚነሡ ጥያቄዎች

ከአዳማ በሰሜን ምዕራብ ባሉት ጉብታዎች ላይ 136 የንፋስ ተርባይኖች ቆመዋል። 34ቱ የአዳማ አንድ፣ 102ቱ የአዳማ ሁለት ናቸው። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት ስለሆኑ ንፋሱ ሲመቻቸው በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከከተማዋ በደቡብ በኩል ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ አለ። ንፋስና ውሃ እንዲህ ጎን ለጎን ሲገኙ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ ሌሊት ሰው ተኝቶ ንፋሱ ሲያፏጭ፣ በዚያ ኃይል የቆቃን ውሃ ወደ ጉብታው ገፍቶ ምሽት ላይ መልሶ ማውረድ አይቻልም?

ሐሳቡ የተሳሳተ አይደለም፤ የፓምፕ ማከማቻ ይባላል። በዓለም ላይ በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ባትሪ በቅርብ ዓመታት እስኪስፋፋ ድረስም በመብራት መሥመሮች ላይ ያለው የተጠራቀመ ኃይል አብዛኛው በዚህ መንገድ የተያዘ ነበር። ለአዳማና ለቆቃ ይበጃል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከጣቢያው አሠራር መጀመር ይሻላል።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

ጣሪያው ላይ ሮቶ የሰቀለ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ሰፈር ቧንቧው ሌሊት ይመጣል፤ ውሃው ከታች ባለ ገንዳ ይጠራቀማል፤ ፓምፑ ተነሥቶ ወደ ጣሪያ ይገፋዋል። በማግስቱ ውሃው ያለ ፓምፕ፣ በገዛ ክብደቱ ወደ ማድ ቤትና መታጠቢያ ይወርዳል። ማታ ለፓምፑ የከፈልነው መብራት አልጠፋም ማለት ነው፤ ከፍታ ሆኖ ጣሪያ ላይ ተቀምጧል።

የፓምፕ ማከማቻ ይኸው ነው፤ የሚለየው ውሃው ሲወርድ መንገዱ ላይ ተርባይን መኖሩ ነው። ከላይ አንድ ገንዳ፣ ከታች አንድ ገንዳ፣ መካከላቸው ወፍራም ቧንቧ ወይም ዋሻ፣ ከዋሻው ግርጌ ደግሞ ማሽን ቤት። መብራት ሲተርፍ ማሽኑ ፓምፕ ሆኖ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል፤ መብራት ሲያጥር ያው ማሽን ወደ ኋላ ዞሮ ተርባይን ይሆናል፤ ሞተሩም ጀነሬተር ይሆናል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች የሚጠቀሙት በሁለቱም አቅጣጫ የሚዞር፣ ፍራንሲስ የሚባል የተርባይን ዓይነት ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ይህ ጣቢያ ኃይል አያመነጭም፤ ያቆያል እንጂ። የተሰጠውን መልሶ ይሰጣል፣ ያውም ቀንሶ። «1,000 ሜጋ ዋት የፓምፕ ማከማቻ ተገነባ» ሲባል አገሪቱ አዲስ 1,000 ሜጋ ዋት አገኘች ብሎ የሚረዳ ሰው ጎተራን ከእርሻ ጋር አምታቷል።

ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል መብራት?

ሁለት መለኪያዎች ሁልጊዜ ይደባለቃሉ። ሜጋ ዋት የቧንቧው ስፋት ነው፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መልቀቅ እንደሚቻል ይናገራል። ሜጋ ዋት ሰዓት ደግሞ የሮቶው ትልቅነት ነው፤ ምን ያህል ተጠራቅሞ እንዳለ ይናገራል። ሰፊ ቧንቧ ያለው ትንሽ ሮቶ ቶሎ ያልቃል። ዜና ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳይነገር ቁጥሩ ብዙም ትርጉም የለውም።

ስሌቱ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ፣ ማለትም አንድ ቶን፣ 367 ሜትር ከፍ ቢል በውስጡ የሚይዘው ልክ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰው መጠን መሆኑ ነው። አንድ ቶን ውሃ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ከጥቂት እንጀራ አያልፍም። ውሃ ርካሽ ነው፤ በዚያው ልክ ግን ደካማ ማከማቻ ነው። ስለዚህ ወይ ብዙ ውሃ ወይ ብዙ ከፍታ ይፈልጋል፤ ከሁለቱ የሚመረጠው ከፍታ ነው። ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ለዚያው መብራት የሚያስፈልገው ውሃ፣ ገንዳና የቧንቧ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል።

መካከለኛ ጣቢያ እናስብ። የሁለቱ ገንዳዎች የከፍታ ልዩነት 300 ሜትር፣ የላይኛው ገንዳ 1 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ ማሽኑ 100 ሜጋ ዋት ይሁን። ገንዳው 10 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 10 ሄክታር ይይዛል፤ ወደ 14 የእግር ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ሲያመነጭ በሰከንድ ወደ 38 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይወርዳል። ይህን የሚያሳልፍ ቧንቧ ዲያሜትሩ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ ያስገባል። ከግርጌው ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ግፊት ከ12 እጥፍ በላይ ነው።

ገንዳውን ለመሙላት ወደ 930 ሜጋ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የተጀመረ ግፊት በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ግድም ያበቃል። ምሽት ላይ ሲለቀቅ የሚገኘው ወደ 735 ሜጋ ዋት ሰዓት ነው፤ ከሰባት ሰዓት በላይ ይሠራል።

የቀረው 195 የት ገባ?

በየደረጃው ተሸርፏል። ወደ ላይ ሲሄድ ትራንስፎርመሩ፣ ሞተሩ፣ ፓምፑና የቧንቧው ግድግዳ እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ትልቁን የሚወስደው ፓምፑ ነው። ውሃው ሲመለስ ተርባይኑ፣ ጀነሬተሩና ትራንስፎርመሩ ይደግሙታል። ሁሉም ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ጣቢያ ከተሰጠው 100 ውስጥ ከ70 እስከ 80 ይመልሳል። አዲስ የሊትየም ባትሪ ከ85 በላይ ይመልሳል፤ በዚህ በኩል ባትሪ ይበልጣል።

ኪሳራው በብር ሲታሰብ ይበልጥ ይገባል። ለምሳሌ ሌሊት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት በ1 ብር ቢገዛ፣ ምሽት ላይ ከ1 ብር ከ26 ሳንቲም በላይ ካልተሸጠ ውሃ ማመላለሱ ራሱ ኪሳራ ነው። ይህ እንግዲህ የብድር ወለዱ፣ የሠራተኛውና የጥገናው ወጪ ሳይነሣ ነው። የፓምፕ ማከማቻ የሚያዋጣው መብራት በአንዱ ሰዓት በጣም ርካሽ ወይም ትርፍ፣ በሌላው ሰዓት ውድ በሆነበት አገር ነው። ቀኑን ሙሉ ዋጋው አንድ ከሆነ ከልዩነቱ የሚገኝ ገቢ የለም።

ታዲያ ለምን ይደክሙበታል?

መብራት ተመርቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመነጨውና የሚበላው እኩል መሆን አለበት። እኩልነቱ ሲዛባ በመሥመሩ ላይ ያለው የ50 ኸርዝ ምት፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው፣ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ብዙ ከወረደ መከላከያዎቹ ራሳቸው መሥመር መቁረጥ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ነው አገር በሙሉ የሚጨልመው። የፓምፕ ማከማቻ በዚህ ጊዜ ፈጥኖ ደራሽ ነው። ዌልስ ውስጥ ያለው የዲኖርዊግ ጣቢያ ማሽኖቹ በባዶ እየዞሩ ከጠበቁ 16 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ሙሉ ኃይሉ ይጠጋል። እንግሊዞች ጣቢያውን ይዘው የሚጠብቁት፣ አንዳንዴ እውነት ነው፣ የቴሌቪዥን ጨዋታ ሲያበቃ ሚሊዮን ሰው በአንድ ጊዜ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ስለሚሰካ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ዕድሜ ነው። ግድቡና ዋሻው በአግባቡ ከተያዙ ከ50 ዓመት በላይ ያገለግላሉ፤ ማሽኑ በየጊዜው ይታደሳል። ባትሪ ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መተካት ይጀምራል። ሦስተኛው፣ ማከማቻውን ማስፋት ሲፈለግ ገንዳውን ማስፋት ይበቃል፤ ማሽን መጨመር አያስፈልግም። ስለዚህ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ባትሪ እየረከሰ ቢሄድም፣ ለስምንትና ለአሥር ሰዓት ሲሆን ውሃው አሁንም ተወዳዳሪ ነው።

በአፍሪካ ትልቁ የደቡብ አፍሪካው ኢንጉላ ነው፤ አራት ማሽኖች፣ 1,332 ሜጋ ዋት። አገሪቱ የመብራት ፈረቃ ውስጥ በገባችባቸው ዓመታት ምሽቱን ካሻገሯት ጣቢያዎች አንዱ ነበር። ሞሮኮም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአፉሬር ትሠራበታለች። ቻይና ውስጥ ያለው ፌንግኒንግ 3,600 ሜጋ ዋት በመድረስ በዓለም አንደኛ ሆኗል።

ለአዳማ ሰው ግን ከእነዚህ ግዙፎች ይልቅ ትንሿ ኤል ዬሮ ብዙ ታስተምራለች። ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ ባለው አትላንቲክ ላይ ያለች የስፔን ደሴት ነች፤ እሳተ ገሞራ የፈጠራት፣ ንፋስ የማያጣት። እ.ኤ.አ. በ2014 አምስት የንፋስ ተርባይኖችን፣ 11.5 ሜጋ ዋት፣ ከፓምፕ ማከማቻ ጋር አገናኘች። የላይኛው ገንዳ በድሮ የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ፣ ከታችኛው ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሐምሌና ነሐሴ ላይ ናፍጣ ጀነሬተር ሳይነሣ 24 ቀን ያህል በተከታታይ ቆዩ። ዓመቱን ሙሉ ግን አልሆነላቸውም። የታችኛው ገንዳ 150 ሺህ ሜትር ኪዩብ ብቻ ነው፤ ንፋሱ ለሳምንት ሲተኛ ውሃው ያልቃል፣ ናፍጣው ይነሣል። የሌሊትን ንፋስ ለምሽት ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ወር ንፋስን ለሌላ ወር ማቆየት ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዳ ይጠይቃል።

ምን ይበላሻል?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ «ውሃ መግፋት ምን ያስቸግራል» የሚለው ሰው ብዙ ነውና።

መጀመሪያ ማሽኑ። ፓምፕ ውሃውን ሲስብ በመምጠጫው በኩል ግፊቱ ይወርዳል። በጣም ከወረደ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል፤ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ ወደ ውስጥ ይፈነዳሉ። እያንዳንዱ ፍንዳታ ብረቱን እንደ መዶሻ ይነቁረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ የተርባይኑ ክንፍ ምስጥ የበላው እንጨት ይመስላል። መፍትሔው ማሽኑን ከታችኛው ገንዳ የውሃ ወለል በብዙ ሜትሮች ዝቅ አድርጎ መትከል ነው፤ የላዩ ውሃ ክብደት እንዳይፈላ ይጫነዋል። ማሽን ቤቶቹ ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች የሚቆፈሩት ስለዚህ ነው። እንደ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ፣ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ጥልቀት ይጠይቃል።

ሁለተኛው የውሃው ምት ነው። ቤት ውስጥ ቧንቧ ድንገት ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ ይሮጥ የነበረ ውሃ መቆሚያ አጥቶ ቧንቧውን መምታቱ ነው። አሁን በ3 ሜትር ቧንቧ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ የብዙ ሺህ ቶን ውሃ አስቡ፤ በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። ፓምፑ ጉልበት አጣ፤ ውሃው በሰከንዶች ውስጥ ቆሞ ወደ ታች ይመለሳል፤ ማሽኑንም ወደ ኋላ ማዞር ይጀምራል። የውሃው መዝጊያ በር ቶሎ ከተዘጋ ቧንቧው ሊፈነዳ ይችላል፤ ዘግይቶ ከተዘጋ ማሽኑ ከመጠን በላይ ይፈጥናል። የመዝጊያው ፍጥነት በሰከንድ ደረጃ ተሰልቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ በረጃጅም ዋሻዎች ላይም ውሃው ሽቅብ ወጥቶ የሚተነፍስበት ቀጥ ያለ ጉድጓድ ይሠራል።

ሦስተኛው ዋሻው ነው። ከመሬት በታች ያለውን ዐለት ሙሉ በሙሉ አውቆ የሚጀምር የለም። የእኛው ግልገል ጊቤ ሁለት የፓምፕ ማከማቻ አይደለም፤ ግን 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ አለው፤ በጥር 2002 ዓ.ም. በተመረቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ለወራት ሥራ አቆመ። አውስትራሊያ ውስጥ ስኖዊ 2.0 የተባለው የፓምፕ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታወጅ 2 ቢሊዮን የአገሩ ዶላር ተብሎ ነበር፤ የመቆፈሪያ ማሽኑ ልል አፈር ውስጥ ገብቶ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀርቅሮ ቆየ፤ ግምቱም በ2023 ወደ 12 ቢሊዮን አሻቀበ። ኢንጉላም ያለ ዋጋ አልተሠራም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ተዳፋት ጉድጓድ ውስጥ በደረሰ አደጋ 6 ሠራተኞች ሞተዋል።

በመጨረሻ ገንዳው። የፓምፕ ማከማቻ ገንዳ እንደ ተራ ግድብ በዓመት አንዴ አይደለም የሚሞላውና የሚጎድለው፤ በየቀኑ ነው። ውሃው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አሥር ሜትር ሲወርድ በግንቡ ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ ውጭ ይገፋል፤ ውስጠኛው ተዳፋት ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ገንዳው በአስፋልት ወይም በወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ይለበዳል። ሌላው አደጋ ከቤታችን ሮቶ ጋር ያው ነው፦ ሞልቶ መፍሰስ። ሮቶ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ሲበላሽ ውሃው በጣሪያው ላይ ይወርዳል፤ ጎረቤት ይጮኻል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በቶም ሶክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 14 ቀን 2005 የሆነው ይኸው ነበር። የውሃውን ከፍታ የሚለኩት መሣሪያዎች ከታሰሩበት ላልተው ስለነበር ትክክለኛውን ከፍታ አላሳዩም፤ ፓምፑ መግፋቱን ቀጠለ፤ ውሃው በግንቡ አናት ፈሰሰ፤ ግንቡን ከሥሩ ሸረሸረው። ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተራራውን ይዞት ወረደ። ከታች የነበረ የአንድ ቤተሰብ ቤት ተጠርጎ ሄደ፤ ሰዎቹ በተአምር ተረፉ። ጣቢያው ዳግም ሥራ የጀመረው በ2010 ነው።

ቆቃ ለምን አይሆንም?

ቆቃ እንደ ታችኛው ገንዳ ቢወሰድ ውሃ አለው፤ ከአጠገቡ ጉብታ አለ፤ ንፋስ አለ። ሦስት ነገሮች ግን ይይዙታል።

አንደኛው ደለል ነው። አዋሽ ከላይ እየጠረገ የሚያመጣው አፈር ከተገነባ ጀምሮ ቆቃ ውስጥ እየተኛ፣ የመያዝ አቅሙን እየቀነሰው መጥቷል። ደለል ያለበት ውሃ ተርባይን ውስጥ ሲያልፍ እንደ ሸካራ ወረቀት ይሞርደዋል፤ በፓምፕ ማከማቻ ደግሞ ያው አሸዋ ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ ሲወጣም ሲወርድም።

ሁለተኛው የውሃው ባለቤት ብዛት ነው። ከቆቃ የሚለቀቀው ውሃ መጀመሪያ የራሱን 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ወርዶ በአዋሽ ሁለትና በአዋሽ ሦስት ይደገማል፤ የወንጂን አገዳ ያጠጣል፤ የአዳማ የመጠጥ ውሃም ከዚሁ ከአዋሽ ነው። ውሃውን ማታ ወደ ጉብታ መልሶ ጠዋት «ገና ነው» ማለት ከታች ካሉት ሁሉ ጋር ያጋጫል።

ሦስተኛው ፀሐይና መሬቱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ክፍት ውሃ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ይተናል፤ ዝናቡ የሚመልሰው ከዚያ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ቅድም ያየነው ባለ 10 ሄክታር ገንዳ ዝናቡ ተቀንሶለት እንኳ በዓመት ወደ 120 ሺህ ሜትር ኪዩብ ይከስራል፤ 60 ሺህ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። መሬቱም በስንጥቅ የተሞላ የእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ ነው፤ ውሃ ያሰርጋል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ዙሪያ እየተነሣ አዳማንና አዲስ አበባን ያወዛወዘው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ፣ እዚህ አካባቢ ጉብታ ላይ ውሃ የሚሰቅል መሐንዲስ ምን አስቦ መጀመር እንዳለበት አሳይቷል። ይሠራል፤ ግን ይወደዳል።

አንዳንዱ ደግሞ «ዝቋላ አናት ላይ ሐይቅ አለ አይደል? የላይኛው ገንዳ ተፈጥሮ ሰጥታናለች» ይላል። ከፍታው እውነትም ያጓጓል። ሐይቁ ግን ትንሽ ነው፤ ከዚያም በላይ የገዳምና የእምነት ቦታ ነው። በየቀኑ አሥር ሜትር የሚወጣና የሚወርድ ጠበል ማንም አይፈልግም።

አገሪቱስ አያስፈልጋትም?

ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱበት እዚህ ላይ ነው። የፓምፕ ማከማቻ የገነቡት አገሮች አብዛኞቹ መብራታቸውን የሚያገኙት ከድንጋይ ከሰል ወይም ከኒውክሌር ነው። እነዚህ ማመንጫዎች ሌሊት ቀንሱ ሲባሉ አይመቻቸውም፤ ትርፉ የግድ መቀመጫ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ መብራት ግን ከ10 እጅ 9ኙ ከውሃ ነው። ግድብ ደግሞ ራሱ ማከማቻ ነው፤ ማንም ፓምፕ ሳያደርግለት ዝናብ ሞልቶታል።

ስለዚህ የአዳማ ንፋስ ሲበረታ ውሃ ወደ ላይ መግፋት አያስፈልግም፤ ከግድቡ የሚለቀቀውን ውሃ መቀነስ ይበቃል። የንፋሱ ኃይል ያልተለቀቀ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ምሽት ላይ ንፋሱ ሲተኛ ያ ውሃ ይለቀቃል። ውሃው ሁለት ጊዜ አልተመላለሰም፤ ከ100 ውስጥ 20 ወይም 30 አልባከነም፤ ዋሻም አልተቆፈረም።

መጠኑን እንየው። 136ቱም ተርባይኖች ለስድስት ሰዓት በሙሉ ጉልበታቸው ዞሩ እንበል፤ 1,224 ሜጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ያህል ለማመንጨት በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በሕዳሴ ግድብ፣ ከ130 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ወደ 3.8 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ መውረድ ነበረበት። ውሃው ሳይለቀቅ ቢቀር፣ 1,900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ሐይቅ ከፍ የሚለው በ2 ሚሊሜትር ነው። የአዳማ ጉብታ የሌሊት ንፋስ እዚያ ሄዶ ሲቀመጥ የሚይዘው ቦታ የአንድ ሳንቲም ውፍረት ያህል ብቻ ነው። በአጠቃላይ ሲታይ ደግሞ በአገራችን ንፋሱ የሚበረታው ግድቦቹ በማይሞሉበት በበጋ መሆኑ ነገሩን ያሰምረዋል።

ይህ ግን ገደብ አለው። ክረምት ላይ ግድቡ ሞልቶ ውሃው በማስተንፈሻው እየፈሰሰ ከሆነ «አልለቅም» ማለት አይቻልም፤ ማቆያ ቦታ የለም። ከግድቡ በታች ያለው ወንዝና ሕዝብም ሁልጊዜ የተወሰነ ውሃ ይፈልጋል። ንፋሱ ያለበትንና ግድቡ ያለበትን የሚያገናኘው የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመር ከተጨናነቀ ደግሞ ልውውጡ በወረቀት ላይ ይቀራል። የፀሐይ ማመንጫ በብዛት ከተተከለ ቀን 6 ሰዓት ላይ ከሚበላው በላይ መብራት ይመጣል፤ ግድቦቹ ተርባይኖቻቸውን ሁሉ ዘግተው እንኳ ትርፉን መዋጥ ያልቻሉ ቀን፣ የፓምፕ ማከማቻ ጊዜው ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው በአንድ ወንዝ ላይ ተከታትለው የተሠሩ ሁለት ግድቦች ያሉበት ቦታ ነው፤ ገንዳዎቹ አስቀድመው ተከፍሎባቸዋልና።

ከዚያ በፊት የሚቀድም፣ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። የከተሞች የውሃ አገልግሎቶች ከወንዝና ከጉድጓድ ውሃ ስበው ኮረብታ ላይ ወዳሉ ማጠራቀሚያዎች የሚገፉ ትላልቅ ፓምፖች አሏቸው። የማጠራቀሚያው መጠን በበቂ ከሰፋ ፓምፖቹ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ አገሩ ሁሉ በሚያበራበት ጊዜ፣ ሊያርፉና ሌሊት ሊሠሩ ይችላሉ። ተርባይን የለውም፤ ግን ምሽት ላይ ያልተበላ ሜጋ ዋት ከተመነጨ ሜጋ ዋት አይለይም።

ቤቴ ካለው ሮቶ መብራት ማግኘት እችላለሁ?

በመሬት ላይ ባሉ ቁጥሮች እንመልሰው። 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ከመሬት 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ጢም ብሎ ሞልቶ በውስጡ የያዘው ኃይል 33 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ምንም ሳይባክን ቢገኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያሞቃል፤ ወይም ስልክ ሁለቴ ይሞላል። ከገበያ በምትገዛ ትንሽ ተርባይን ከተሠራ ግማሹም አይገኝም፤ ውሃውም አንዴ ከወረደ ልብስ ማጠቢያ አጥታችኋል። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘውን ያህል ለመያዝ እንዲህ ያለ ሮቶ 37 መደርደር ያስፈልጋል፤ ጣሪያው 74 ቶን ከቻለ።